ለጋሽ ሃረጎት የምትመልስ መኪና

ጋሽ ሃረጎት ዓይናቸው ከጠፋ በኋላም መኪናቸውን አልሸጡም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሾፌር ነበሩ፤ የውሃ ጉድጓድ ከሚቆፍሩ ሰዎች ጋር ከአፋር እስከ ቦረና ያልረገጡት መንገድ የለም። ጡረታ ሲወጡ ነጯን ፔጆ ከመሥሪያ ቤታቸው በሐራጅ ገዟት። ብዙም ሳይነዷት የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ መጣና መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ ቀስ እያለ መሀሉንም ወሰደባቸው። መሪውን ለልጃቸው ለሲምረት አስረከቡ።

ሲምረት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት፤ መኪናዋን የምታወጣት እሑድ እሑድ ብቻ ነው። በሌላው ቀን ጠዋት ጠዋት የሚያስነሷት እሳቸው ነበሩ። ጌጃ ሰፈር በነበረው ግቢያቸው የግንቡን አጥር በእጃቸው እየዳበሱ ይሄዳሉ፣ የመኪናዋን በር በቁልፍ ይከፍታሉ፣ መሪው ላይ ተቀምጠው የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣሉ። ሲምረት ከመስኮት ስታያቸው አባቷ ያላረጁ ይመስላት ነበር።

ሰፈሩ ሲፈርስ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሳቸው። እዚያ የሚዳበስ አጥር የለም። መኪኖች በሕንፃዎቹ መሀል ባለው ሜዳ ላይ፣ ቦታ ባገኙበት ይቆማሉ። በገቡ በሳምንቱ ጋሽ ሃረጎት ብቻቸውን ወርደው የማይገባላቸውን ቁልፍ ከሌላ ሰው መኪና በር ጋር ሲያታግሉ የመኪናው ባለቤት ደረሰና ጮኸባቸው። እንደማያዩ ሲገባው ግን ደነገጠ፤ ይቅርታ ጠይቆ እጃቸውን ይዞ እስከ ደረጃው መራቸው። ከጩኸቱ ይልቅ የከበዳቸው እጃቸው መያዙ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልወረዱም። ሲምረት እኔ ላድርስህ ብትላቸውም አይ፣ ይቅር አሏት። ሬዲዮናቸውን አጠገባቸው አድርገው ይውላሉ፤ ምግብም እየቀነሱ መጡ።

መኪናዋ ከእሑድ በቀር ሳትነሳ ስትቆይ ባትሪዋ ሞተ። ሲምረት ባትሪውን አስፈትታ ጌጃ ሰፈር አብዱልሃሚድ ዘንድ ወሰደችው። አብዱልሃሚድ የድሮ ጎረቤታቸው ነው፤ ከወሎ መጥቶ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ የኖረ፣ ሱቁ ሳይፈርስ የተረፈ ሰው። ባትሪው እስኪሞላ ስለ አባቷ አጫወተችው። ሰምቷት ሲያበቃ ያልጠበቀችውን ጠየቃት።

«የሾፌሩ በር ሲቆለፍ ሌሎቹም አብረው ይቆለፋሉ አይደል?»

አዎ አለችው። እንግዲያው ሪሞት እንደሚገጥምላት ነገራት። ሰው ሌባ ፈርቶ የሚያስገጥመው ዕቃ ነው፤ ሲጫኑት በሮቹን ከፍቶ ጢት ይላል። አብዱልሃሚድ የፈለገው ያንን ጢት ነበር።

ቅዳሜ ዕቃውን ይዞ መጣ። ጋሽ ሃረጎት ከበረንዳው አልተነሱም፤ ለማያይ ሰው ሪሞት ምን ያደርጋል ብለው ነበር። አብዱልሃሚድ የበሩን የውስጥ ልባስ ነቀለ፣ የሚቆልፈውንና የሚከፍተውን ሽቦ በመሞከሪያ አምፖል ለየ፣ ትንሿን ሳጥን ዳሽቦርዱ ሥር ደበቀ፣ ድምፅ የምትሰጠዋን ደግሞ ኮፈኑ ውስጥ አሰረ። ሲጨርስ በሮቹን ሁሉ ቆልፎ ሪሞቱን ተጫነ። መኪናዋ ጢት አለች፤ በሮቹም ቀጭ ቀጭ አሉ።

ከላይ የጋሽ ሃረጎት ድምፅ መጣ። «የኔ በር አልተከፈተም።»

አብዱልሃሚድ የሾፌሩን በር ሳበው፤ እንደተቆለፈ ነው። ቀና ብሎ ሽማግሌውን አያቸው፤ ሁለት ፎቅ ላይ ሆነው፣ ሜዳው በልጆች ጫጫታ ተሞልቶ፣ የጎደለችውን አንዲት ቀጭ ሰምተዋል። ነገሩ የመኪናዋ የድሮ አሠራር ነው። የሾፌሩ በር በቁልፍ ሲከፈት ለሌሎቹ ትዕዛዝ ይሰጣል እንጂ ራሱን የሚከፍት ሞተር አልተሠራለትም። አብዱልሃሚድ ይህን ጮክ ብሎ ሲያስረዳ ጋሽ ሃረጎት ተነሱ። የደረጃውን ብረት ይዘው ወረዱ።

በኋላው በር መግባት ይቻል ነበር። አብዱልሃሚድ ግን የእሳቸው ቦታ መሪው ላይ ነው አለና መርካቶ ሄዶ ትንሽ ሞተር ገዝቶ ተመለሰ። እሱ ሞተሩን በቀጭን ብረት ከበሩ መቆለፊያ ጋር ሲያያይዝ ጋሽ ሃረጎት አጠገቡ ቆመው የመኪናዋን ጣሪያ ይዳብሱ ነበር። አቧራዋን በእጃቸው ጠረጉላት።

አልቆ ሲሞከር አራቱም በሮች አንድ ላይ ተከፈቱ። አብዱልሃሚድ መልሶ ቆለፋቸው፤ ጋሽ ሃረጎትን ወደ ሜዳው ጥግ ወስዶ ሪሞቱን እጃቸው ላይ አኖረና አውራ ጣታቸውን ወጣ ባለችው ቁልፍ ላይ አሳረፈላቸው። ተጫኑ።

ከሩቅ፣ በስተግራቸው፣ ከብዙ መኪኖች ጀርባ፣ መኪናቸው መለሰችላቸው።

ጋሽ ሃረጎት አልተንቀሳቀሱም። ቆባቸውን አወለቁ። እንደገና ተጫኑ፤ እንደገና መለሰች።

«በምን ሽቦ ነው የሚሄደው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሽቦ የለውም ጋሼ። በአየር ነው።»

«መሀል ላይ የቆሙትስ መኪኖች?»

«አልፏቸው ይሄዳል።»

ሽማግሌው አየሩን እንደሚነኩ ሁሉ ባዶ እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። አብዱልሃሚድ ዕድሜውን በሽቦ ኖሯል፤ መብራት ጠፋ ሲሉት ሽቦ ይከተላል፣ ሞተር አልነሳ ሲል ሽቦ ይከተላል። ሪሞትም ብዙ ገጥሟል። በዚያ ከጣት ተነስቶ እስከ በሩ ባለው ባዶ ቦታ ምን እንደሚያልፍ ግን አስቦት አያውቅም ነበር። የዚያን ቀን ገላው ውርር እንዳለው በኋላ ለሲምረት ነግሯታል።

ጋሽ ሃረጎት ብቻቸውን ሄዱ። ጥቂት ይራመዳሉ፣ ይጫናሉ፣ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፣ አቅጣጫ ያስተካክላሉ። የሰው መኪና ሲነኩ ዞረው ያልፋሉ። በመጨረሻ እጃቸው በራሳቸው በር ላይ አረፈ። ገብተው ተቀመጡና ሞተሩን አስነሱ፤ ለረጅም ጊዜም አላጠፉትም።

ከዚያ በኋላ ጠዋታቸው ተመለሰላቸው። ምድር ቤት የምትኖረው አራስ፣ ሸዋዓለም፣ ገና ሳይነጋ ጢት የሚለው ድምፅ ሕፃኗን እንደሚቀሰቅስባት ስትናገር አብዱልሃሚድ መጥቶ ድምፁን አለዘበው፤ እሳቸውም መውረጃ ሰዓታቸውን አዘገዩ። መኪናዋ ከብሎካቸው ፊት ያለውን ቦታ እንድትይዝ ጎረቤት ሁሉ ተስማማ።

ሌላው ነገር የመጣው ማንም ሳያስበው ነው። አንድ ቀን ጋሽ ሃረጎት ከሱቅ ሲመለሱ መንገድ ጠፋባቸው። እዚያ ሕንፃው ሁሉ ለሚያይ ሰው እንኳ አንድ ዓይነት ነው። ቆም ብለው ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ሪሞት ተጫኑ፤ መኪናዋ ከወዲያ መለሰችና ቤታቸው የት እንደሆነ አወቁ። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ፀጉር ቤት ሄዱ፣ ብቻቸውን ልደታ ማርያም ተሳልመው መጡ። ከሩቅ ሲሆኑ መንገዱን በበትራቸው ይፈልጋሉ፤ ሜዳው ዳር ሲደርሱ ይጠሯታል። አንዴ ለሠርግ ድንኳን ተብሎ መኪናዋ ሌላ ብሎክ ጋ ቆማ ስለነበር ወደ ቤት የሚሄዱ መስሏቸው እሷ ዘንድ ደረሱ። ሲምረት ስታገኛቸው ውስጧ ተቀምጠው ሬዲዮ እየሰሙ ነበር፤ አልተጨነቁም።

ሞተሩ አርጅቶ መነሳት ሲያቅተውም አልሸጧትም። አብዱልሃሚድ በየጊዜው እየመጣ ባትሪዋን ይሞላል።

ሲምረት አንድ ቀን ወደ ማታ ከበረንዳ ሆና አባቷ ከሁለት ሕንፃዎች መሀል ብቅ ሲሉ አየቻቸው። ልትጠራቸው አፏን ከፍታ ተወችው። ቆሙ፣ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፣ የመኪናዋ ፍሬቻ ብልጭ አለ። እሳቸው ብርሃኑን አላዩትም፤ ድምፁን ሰምተው ፊታቸውን ወደ ቤት አዞሩና ቀጥ ብለው መጡ። እሷም እስኪደርሱ ድረስ ከበረንዳው አየቻቸው።