አንድ ስሕተት፣ ሁለት ፍርድ

ጋሽ ማኅደር የሆስፒታሉን ካርድ ክፍል ይዘው ሃያ ስድስት ዓመት ተቀመጡ። የበሽተኛውን ሁሉ ስም የሚያውቁት ሰውዬ የራሳቸውን ስም የሚጠራላቸው አልተገኘም፤ ቅጽል ስሙ ውጦት ቀረ። ቁጥሩን የጣለ በሽተኛ ከዚያች ዝቅ ካለች መስኮት ሲደርስ፣ ከማን ጋር እንደመጣ ይጠይቁትና ከመደርደሪያው ካርዱን ጎትተው ያወጡለታል። እንዴት እንዳገኙት የጠየቃቸው የለም። ካርዱ ከተገኘ ማን ግድ ይለዋል?

ከዕለታት አንድ ቀን ኮምፒውተር መጣ። ኃላፊው አስጠርቶ ነገሩን ሳያድበሰብስ ነገራቸው፦ ማሽኑን በደንብ ካስተማሩት፣ ተቆጣጣሪው ሆነው ጡረታቸው እስኪደርስ ይቆያሉ፤ አለዚያ ግን ካርድ ክፍሉ ሰው አያስፈልገውም።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ደብተር ይዛ ሦስት ሳምንት አጠገባቸው ተቀመጠች። አንድ ካርድ ባነሡ ቁጥር መጀመሪያ ምን እንዳሰቡ ትጠይቃቸዋለች። መጀመሪያ አብሮ የመጣውን፣ ቀጥሎ ዕድሜውን፣ ከዚያ ባለፈው የታከመበትን ወር ይሏታል። አብረው ሦስት ጊዜ የመጡትን ቤተሰብ ናቸው ብለው ካርዳቸውን በላስቲክ አንድ ላይ ያስሩታል።

"ጋሼ፣ ማሽኑም እኮ እንደ እርስዎ ነው" አለቻቸው። "የሰማውን ይቀበላል፣ ካለው ጋር ያስተያያል፣ የማይመስለውን ይጥላል፣ የቀረውን ያወጣል።"

ያን ቀን ጋሽ ማኅደር ደረታቸውን ነፍተው ቤታቸው ገቡ። ሚስታቸው ግን ነገሩ አልጣማቸውም።

"አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" አሉ። "ያንተ ራስ እንደሁ ተመልጦ አልቋል፤ አፍህን እንኳ ጠብቅ። ትንሽ አስቀርተህ ንገራት።"

አላስቀሩም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሐሳቡን የጠየቀው የሌለ ሰው፣ ጠያቂ ሲያገኝ ምኑን ይሰስታል? ያላቸውን ሁሉ ዘረገፉላት።

ማሽኑ ከእሳቸው ጎን ሆኖ በሚፈተንበት ዕለት ጠዋት አንዲት ሴት መናገር ተስኗት በተሽከርካሪ ወንበር መጣች። ወንበሩን የምትገፋው ጎረቤቷ፣ በሰፈር "ልብስ ሰፊዋ" ከመባሏ በቀር ስሟን አታውቅም። ጋሽ ማኅደር ጎረቤትየዋን በድምጿ ያውቋታል፤ ዘወትር የራሷን ታናሽ እህት ነበር የምታመጣው። በዚያች መስኮት ደግሞ የሰው እጅ እንጂ ፊት አይታይም። ተነሡና የታናሽ እህቷን ካርድ አወጡ። ማሽኑም በዚያው ቅጽበት ያንኑ ካርድ አወጣ። ኃላፊው አጨበጨበ።

ጭብጨባው ብዙም አልቆየም። ነርሷ ካርዱን ብታነብ እግሯን በቀዶ ጥገና የታከመች ሴት ናት ይላል፤ የበሽተኛዋ እግር ግን አንድም ጠባሳ የለበትም። የተሳሳተ መድኃኒት ሳይሰጣት ተደረሰበት።

ከሰዓት በኋላ በኃላፊው ቢሮ ተሰበሰቡ። ባለሙያዋ ፊቷ በርቶ ነበር። ማሽኑ እንደ ሰው አስቦ እንደ ሰው መሳሳቱ ትልቅ ነገር እንደሆነ አስረዳች። ኃላፊው ማሽኑ ይታረም ብሎ ወሰነ። ወዲያው ሁለተኛውን ወረቀት አነሣና "ካርድ ክፍሉን በሚመለከት ግን ግድየለሽነት ታይቷል" ብሎ ለጋሽ ማኅደር የስንብት ደብዳቤ ዘረጋላቸው።

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ያው አንድ ስሕተት ነው" አሉ። "እኔስ አልታረምም?"

"የማሽኑ ከየት እንደመጣ ይታወቃል፤ ይስተካከላል" አለ ኃላፊው። "የእርስዎን ማን ገብቶ ያየዋል?"

ባለሙያዋ አንገቷን ደፋች። ስሕተቱን ከእሳቸው ራስ እንደቀዳችው እሷ ታውቃለች፤ ግን ደብተሯን ከደነች። ለሰው ሞት አነሰው ማለት ይኼኔ ነው።

ከዚያ ደብተሩን መልሳ ገልጣ፣ ይህ ስሕተት እንዳይደገም ማሽኑን ምን ብታስጠይቀው እንደሚሻል ጠየቀቻቸው። ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጋሽ ማኅደር ኃላፊውን አዩት፤ እሱ ስልኩን ይነካካል። ቢተዉት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ነገ ደግሞ መናገር ያቃታት ሌላ ሴት ትመጣለች።

"አብሮ የመጣውን ሰው፣ ምኗ ነህ ብሎ ይጠይቀው" አሉ። "ፊቷንም ቀና ብሎ ይይ።"

ጻፈችው። ጋሽ ማኅደርም የካርድ ክፍሉን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው አስረከቡና ደብዳቤው ላይ ፈረሙ።