ብስክሌቷ የዋጠቻት ሰዓት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከቦሌ ሚካኤል በገርጂ አድርጎ ወደ ጉርድ ሾላ የሚያወጣው መንገድ ገና አስፋልት አልለበሰም ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው፣ ወይ ኅዳር። ብርዱን ግን አልረሳውም፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በብርዱ ነውና።

ያኔ የአንድ መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ነበርኩ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ታማ ከአገር ቤት መጣች። ላምበረት አውቶቡስ ማቆሚያው ልቀበላት ሄጄ አላወቅኋትም። ከስታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ግንብ ተደግፋ ቆማለች። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

"ምን ታፈጣለህ? እኔው ነኝ" አለችኝ።

የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። መድኃኒቱ የሚሰጠው ከጉርድ ሾላ ወደ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ ሲሆን በየቀኑ ጠዋት እየሄደች ነርሷ ፊት መዋጥ አለባት። ነርሷ ለብቻዬ ጠርታ፣ "አባቴ፣ ትንሽ ሲሻላቸው እንዳያቋርጡ። ካቋረጡ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ያን ጊዜ እኛም የምናደርገው የለንም" አለችኝ። ይህ ቃሏ ሌሊት በዘብ ላይ ቆሜም ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ።

መጀመሪያ በታክሲ ሄድን። እትዬን ሳል ከያዛት አይለቃትም። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ አፍንጫዋን ሸፍና ወደ ኋላ ተዛወረች። ረዳቱም፣ "ኧረ መስኮት ክፈቱ! ሰው ልታስጨርሱ ነው?" አለ። የሳቀም ነበር። እትዬ ሳንደርስ "ወራጅ" አለች። ከዚያ በኋላ ታክሲ ግቢ ብዬ በምን ቃል ልለምናት! በእግሯ ደግሞ ከበራችን እስከ ሱቁ ስትደርስ ትቀመጣለች።

የቀረችን ብስክሌቴ ናት። ጥቁር፣ ከባድ፣ የድሮ የእንግሊዝ ሥራ። ማርሿ ከውጭ አይታይም፤ ያለው ከኋላ ጎማዋ መሃል፣ ሞዞ በሚሉት ድቡልቡል ብረት ሆድ ውስጥ ነው። ሦስት ማርሽ አላት። ሜዳ ላይ በመካከለኛው ስሄድ ቀጭ ቀጭ ትላለች። ዳገት ላይ ወደ ቀላሉ ስመልሳት ድምጿ ይጠፋል፣ እግርም ይቀላል። ከኋላ ዕቃ መጫኛዋ ላይ ብርድ ልብስ አጥፌ አሰርኩና እትዬን አስቀመጥኳት።

"ይቺ ነገር ሰዓት ውጣለች እንዴ?" አለችኝ ገና ስንንቀሳቀስ።

"ማርሿ ነው እትዬ።"

"እንግዲያው ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቃት፤ ያቺ ነርስ እንዳትቆጣን።"

ጥቂት ቀን እንዲህ ሄድን። ከዚያ ቀላሉ ማርሽ አልፎ አልፎ ያዳልጠኝ ጀመር። ከባድ መኪና የሚነዳ ጎረቤት ነበረኝ፣ ደግ ሰው። "ጋሼ፣ ይቺ ደርቃለች፤ መድኃኒቷ ግራሶ ነው" ብሎ ሞዞውን ፈታና ለጭነት መኪና የሚሆነውን ወፍራም ግራሶ እስክትጠግብ ጠቀጠቀላት። መረቅሁት። ያረጀ ብረት ሁሉ ቅባት የራበው ይመስለናል።

በማግስቱ ዳገቱ ግርጌ ስንደርስ ማርሹን ወደ ቀላሉ መለስኩ። ፔዳሉ ባዶውን ዞረ። ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተላተመና ሁለታችንም አቧራው ላይ ተዘረጋን። እትዬ በጎኗ እንደወደቀች፣

"እኔ አንተን አዝዬ ያን ሁሉ ገደል ስወርድ አንድ ቀን ጥዬሃለሁ?" አለች።

ስቃ ሳትጨርስ ሳሉ ያዛት። ነጠላዋ ላይ ደም አየሁ። ማየቴን ስታይ ቶሎ አጠፈችው።

ያን ቀን እትዬን ላይዋ አስቀምጬ ብስክሌቷን እየገፋሁ ወጣሁ። በማግስቱም እንደዚያው። ቦሌ ሚካኤል ያለው በያጅ፣ "በይጄ ባለ አንድ ማርሽ ላድርግልዎትና ይገላገሉ" አለኝ። በአንድ ማርሽ ሰው ጭኜ ያን ዳገት ልወጣ? እምቢ አልኩ። ሆዷ ውስጥ ያለው ሞላ፣ ያ ጥምዝምዝ ሽቦ፣ ደክሟል ብዬ ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ቆርጬ፣ አጣምሜ አስገባሁላት። ከሰዓት በኋላ ሠፈር ውስጥ ስሞክራት ደህና ትይዛለች፤ ጠዋት ዳገቱ ላይ ትከዳኛለች። አንድ ጠዋት፣ ከሌሊት ዘብ እንደወጣሁ፣ እየገፋሁ ሳለ ዓይኔ ጨለመብኝና መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ። ቀና ስል እትዬ ወርዳ፣ እሷ ብስክሌቷን ደግፋ ቆማለች።

ያን ቀንም እንደምንም ደርሰን መድኃኒቷን ዋጠች። ከጤና ጣቢያው ስንወጣ ግን፣ "ላምበረት አድርሰኝ" አለች።

"ምን ልትሠሪ?"

"አገሬ ልገባ። አንተ እዚያ ዳገት ላይ ተደፍተህ ከቀረህ እኔን ማን ይገፋኛል?"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቤት ገብታ ልብሷን በፌስታል ስትቋጥር ነው የምሯን መሆኑ የገባኝ። ከመሄዷ ይልቅ የነርሷ ቃል ነበር ያስፈራኝ። ለመንኳት። "እሺ፣ የነገን ልይልህ። ነገ ከጣለችን ግን ከዚያው ወደ ላምበረት ነው" አለች።

ቦሌ ሚካኤል አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሙስሊም፣ የወሎ ሰው፣ በዕድሜ የእኔ እኩያ። ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም። የሚረባ ሽቦ ባገኝ ብዬ ያኑ ዕለት ከሰዓት ብስክሌቷን እየገፋሁ ወደ እሱ ሄድኩ፤ እትዬም ፀሐይ ልሙቅ ብላ ተከተለችኝ። ስትስል በረንዳው ላይ የነበሩት ሰዎች አንድ አንድ እያሉ ተነሱ። እሱ ግን የደንበኛ በርጩማውን አውጥቶ፣ "እዚህ ፀሐዩ ጋ ይቀመጡ፣ እትዬ" አላት።

"ሞላዋ ደክሟል" አልኩት እኔ። "ጠንካራ ሽቦ ይኖርሃል?"

እትዬ ከበርጩማዋ ላይ ሆና፣ "ሞላ ብቻ አይደለም" አለች። "ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ እንኳ ሰዓቷ ዝም ትላለች። ስንመለስ ትቆጥራለች። እንደኔው ፀሐይ ነው የምትፈልገው።"

እኔ ይህን ልብ ብዬው አላውቅም። ጠዋት የምሰማው የራሴን ትንፋሽ ነው። ልብስ ሰፊው እግሩን ከመርገጫው አነሳ።

"ምን ቀብተሃት ነው?"

"ግራሶ።"

"ኧረ ወንድሜ! እኔም አንዴ ይቺን መኪናዬን የማይሆን ወፍራም ዘይት ቀብቻት ጠዋት አልዞርም ብላኝ ነበር። በል ፍታት።"

እራፊ ጨርቅ አንጥፈን እዚያው ፈታናት። ሆዷ ውስጥ ትንንሽ የብረት ምላሶች አሉ፤ በሞላው ኃይል እየተነሱ እየወደቁ ቀጭ ቀጭ የሚሉት እነሱ ናቸው፤ ዳገት ላይ የሚይዙትም እነሱው። ግራሶው በብርድ ሲረጋ አጣብቆ ያስተኛቸዋል። በነጭ ጋዝ አጠብናቸው። የእኔ የጃንጥላ ሽቦም አንዱን ምላስ አጣሞ ይዞት ነበር። ልብስ ሰፊው ከጣሳው ውስጥ ያረጀ የክር መወጠሪያ ሞላ መረጠ፣ ቀጭኑን ሽቦ ቆርጦ በመርፌ ላይ ጠመዘዘው። የመጀመሪያው ተሰበረ። ደግሞ ጀመረ። በመካከል አንድ ጎረምሳ መጥቶ፣

"ጋሼ፣ ሱሪዬስ?" አለ።

"ሱሪህ ብስክሌት ሆኗል። ነገ ና።"

በመጨረሻ የስፌት መኪናውን ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አደረገባት። ጎማዋን ሲያሽከረክራት ቆጠረች። ግን ፀሐይ ላይ ነበረች፤ ልቤ አላመነም። እትዬም ፌስታሏን አልፈታችም።

በማግስቱ ከዘብ ወጥቼ ስመጣ ልብስ ሰፊው ከሶላት መልስ በራችን ላይ ቆሟል። "ብትጥላችሁ የሚያነሳ ሰው ይኑር" አለ። ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። እትዬ ፌስታሏን ጉልበቷ ላይ ይዛ ተቀመጠች።

ሜዳው ላይ መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም።

"ትቆጥራለች?" አልኳት።

"ዝም በል እስቲ።" ቆየችና፣ "ቆጠረች። ቀስ ብላ ነው። አዎ፣ እየቆጠረች ነው" አለች።

ዳገቱ ግርጌ ማርሹን ወደ ቀላሉ መለስኩ። ድምፁ ጠፋ። ቀላሉ ማርሽ ሁልጊዜም ዝም እንደሚል አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን አላመንኳትም። አንድ ረገጥኩ፣ ያዘች። ደግሞ ረገጥኩ። ከኋላዬ የልብስ ሰፊው ትንፋሽ ይሰማኛል፤ መዳፉን እትዬ ጀርባ ላይ አድርጎ ይሮጣል። ዳገቱን ያወጣን ያቺ ቀጭን ሞላ ትሁን የእሱ መዳፍ፣ ዛሬም አላውቀውም። ወጣን።

ነርሷ ፌስታሉን አይታ፣ "እናቴ፣ መንገድ አለ እንዴ?" አለቻት።

"የምን መንገድ?" አለች እትዬ። "ቅያሬ ነጠላዬን ነው።" መድኃኒቷን ዋጠች።

ከዚያም በኋላ ልብስ ሰፊው ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ዳገቱን አብሮን ወጥቷል፤ ሰው ሱሪውን እየጠበቀ። ከወራት በኋላ እትዬ መድኃኒቷን ጨረሰችና በእግሯ ሄዳ ላምበረት አውቶቡስ ላይ ወጣች። ማርሿ ዳገት ላይ የምትይዘው ሜዳው ላይ ስትቆጥር ብቻ መሆኑን ያገኘችው እትዬ ናት። እኔን ከዚያ ዳገት ያወጣኝ ግን ልብስ ሰፊው ነው።