ሳሙና ያጠበው ኮረብታ

ጉም የሚሏት ከጉም ጋር ስለምትመጣ ነው። ስሙን ያወጣላት የፓርኩ በር ዘበኛ ነው። ሽማግሌው፣ ሸለቆው ነጭ መልበስ ሲጀምር ወንበሩን ወደ መንገዱ ያዞርና፣ "አሁን ትመጣለች" ይላል። ትንሽ ቆይታ፣ ካሜራዋን በአሮጌ ሹራብ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ አቅፋ፣ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ትከሻዋ ላይ አጋድማ ከች ትላለች። ሌላው ሰው ጉም ሲያይ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ይስባል፤ እሷ ጉም ስታይ ከአልጋዋ ትዘላለች።

እንጀራዋን የምትበላው ግን ከጉም አይደለም። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ በጫማ ቤቱና በፋርማሲው መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ፎቶ ቤት አለች፤ አባቷ ለእሷና ለታላቅ ወንድሟ ትቶላቸው ያለፈው። እሷ ታነሳለች፣ ወንድሟ ያሳምራል። የፊት ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ፏፏቴ ተስሏል፤ የከተማው ሰው ግማሹ እዚያ ፏፏቴ ሥር ቆሞ ተነስቷል፤ አንድም የረጠበ ግን የለም። ከመጋረጃው ጀርባ ወንድሟ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ ይውላል። ሰፈሩ ሳሙና ይለዋል። ብጉር ያጥባል፣ ጠባሳ ያጥባል፣ ከዓይን ሥር የተጠራቀመ የስንት ዓመት እንቅልፍ ማጣት ያጥባል። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የሚመጣ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ከቤት ቢወጣ ግድ አይሰጠውም፤ "ሳሙና አለልኝ" ይላል።

ሳሙና ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ጣጣው ከደግነቱ የመጣ ነው። ድሮ አንዲት ጉንጯን እሳት የበላት ሴት መጥታ ነበር። ዓይኗን መሬት ተክላ ተነሳች፤ ማግስቱን ፎቶዋን ስትቀበል ግን ሙሉ ጉንጭ አየችና እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። የደስታ ልቅሶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የሳሙና እጅ እንከን አይቶ ማለፍ አቃተው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእሱ ወረቀት ግን የያዘውን ሁሉ ይለቅ ነበር።

ጉም ተራራና ጫካ ማንሳት የጀመረችው ሳታስበው ነው። ሙሽሮች ልታነሳ ፓርኩ ገብታ፣ ሥራዋን ጨርሳ፣ ለራሷ ትንሽ ልንሸራሸር ብላ ብቻዋን ወደ ላይ ወጣች። ጉሙ ወረደባት። መጀመሪያ ሸለቆው ጠፋ፣ ቀጥሎ መንገዱ ጠፋ፣ በመጨረሻ የገዛ ጫማዋ ጠፋ። ዓለም ሳይፈጠር በፊት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም ብላ በፍርሃትም በመደነቅም እንደቆመች፣ ከፊቷ አንድ ጥቁር ነገር ቀስ እያለ መጣ። እሱ አልመጣም ለካ፤ ጉሙ ነበር የሄደው። ዛፍ ነበር። መብረቅ የመታው፣ ቅርፊቱ እስከ አናቱ የከሰለ፣ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ወደ ጎን የዘረጋ፣ "በዚህ ውጪ" የሚል ሰው የመሰለ ዛፍ። በቅርንጫፉ አቅጣጫ ወረደች፤ በሩ ላይ ወጣች።

ከመውረዷ በፊት አንስታው ነበር። ፎቶው አመድ ብቻ ሆኖ ወጣ። ተመልሳ ሄደች። ሌላ ጊዜ ጉሙ በዛ፣ ሌላ ጊዜ አነሰ፣ ሌላ ጊዜ እጇ በብርድ ከዳት። ክረምት መጥቶ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ወንድሟ፣ "ባል አግቢ ሲሉሽ ከሰል አገባሽ" ብሎ ይቀልድባት ጀመር። እሷም፣ "እሱ ቢያንስ አያንኮራፋም" ትለው ነበር።

አንድ ጠዋት ታዲያ፣ ከብዙ ጥበቃ በኋላ፣ ጉሙ የፈለገችውን ያህል ሳስቶ ዛፉን ሊከፍትላት ሲል፣ ሦስት ጎብኚዎች እየተሳሳቁ በካሜራዋ ፊት አለፉ። ሲያልፉ ጉሙም አለፈ። ጉም ቁጭ ብላ መሬቱን አየች። ዘበኛው ነው የተናደደው። የፓርኩ ኃላፊ ቢሮ ድረስ ወጥቶ አንድ ደንብ ካልወጣ በሩን አልጠብቅም አለ። ኃላፊውም ነገሩን ወደደው፤ ፎቶ አንሺ ጎብኚ ይጠራል ብሎ በስብሰባ አጸደቀው፤ በሩ ላይም በትልቅ ሰሌዳ አስጻፈው፦ "ፎቶ አንሺ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ ከፊቱ ማለፍ ክልክል ነው።" ለጉምም ለብቻዋ፣ በሩ ሳይከፈት በንጋት እንድትገባ ፈቀደላት። ከዚያ ወዲያ ፍሬሟን፣ ማለትም ካሜራዋ የሚያየውን ያንን የዓለም ቁራጭ፣ ዘበኛው እንደ ቤቱ ደጅ ይጠብቅላት ነበር።

በስተመጨረሻ ፎቶው መጣ። ነጭ ላይ ነጭ፤ ኮረብታው እንደ እስትንፋስ ቅልል ያለ፤ መሃል ላይ ዛፉ። ወዲያው ኃላፊው ለአዲሱ የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ አንድ ትልቅ ፎቶ ስጪን አላት። እሷ ሠርግ ልታነሳ ሌላ ከተማ ትሄድ ስለነበር፣ ወንድሟን በትልቁ አትመህ አድርስልኝ ብላው ሄደች። ስትመለስ ከአውቶቡስ እንደወረደች ሻንጣዋን እንኳ ቤት ሳታስቀምጥ አዳራሹ ሄደች።

ኮረብታው ግድግዳውን ሞልቶት ነበር። ነጭ፣ ለስላሳ፣ የታጠበ። መሃሉ ላይ ምንም የለም።

ፎቶ ቤት ስትደርስ ሳሙና በደስታ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለ።

"አየሽው? እንዴት ነው?"

"ዛፉስ?"

"የቱ ዛፍ? ያ ጥቁሩ?" ፊቱ እንደበራ ነበር። "እሱማ ብርሃኑን ሁሉ አበላሽቶብሽ እኮ ነበር። አጸዳሁልሽ።"

ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ ያቺ ጉንጯ የተቃጠለ ሴት ትዝ አለቻት፤ መልሳ ዘጋችው። ይህ ሰው ዛፏን የገደለው ሊያስደስታት ብሎ ነው። ከዚህ የባሰ ምን አለ? "ወንድም ጋሼ፣ በሕይወቴ የደከምኩበት እሱ ነበር" ብቻ አለችው። እሱም ማውሱን እንደያዘ ቀረ።

በማግስቱ ትክክለኛውን ፎቶ ይዛ ኃላፊው ዘንድ ሄደች። ሰውየው አዳምጦ ሲያበቃ፣ ፎቶውን አገላብጦ አየና፣ የተሰቀለው ይሻላል አላት። እንዲያውም እሱን እያየ ሲያስብ እንደሰነበተ፣ ጎብኚ አዳራሹ ውስጥ ንጹሕ ኮረብታ አይቶ ወደ ላይ ሲወጣ የከሰለ ግንድ ሲጠብቀው ቅር እንደሚለው፣ አንዱም "ቃጠሎ ነበር እንዴ?" ብሎ እንደጠየቀው አጫወታት።

"ስለዚህ እህቴ፣ ሐሙስ ባለ መጋዞች ይመጣሉ" አለ ረጋ ብሎ። "ፎቶው ላይ እንዲህ ካማረ፣ ኮረብታውስ ለምን አያምርም?"

ጉም ወንበሯ ላይ ደርቃ ቀረች። ሰው ፎቶውን ከዓለም ጋር ሲያመሳስል አይታለች፤ ዓለምን ከፎቶ ጋር ለማመሳሰል መጋዝ የሚያስጠራ ሲገጥማት የመጀመሪያዋ ነበር። ዛፉ በሽታ የለበትም፣ በማንም ላይ አይወድቅም፣ ማንንም አያስቸግርም አለች። ኃላፊው ሁሉንም ሰማና፣ "የሞተ ነገር ነው እኮ" አላት። ከዚያ በኋላ ቢናገሩት ውሃ መውቀጥ ነበር።

ማታ ቤት ስትገባ ለወንድሟ የነገረችው በአጭሩ ነው፦ አንተ ከወረቀቱ አጠፋኸው፣ እነሱ ደግሞ ከመሬቱ ሊያጠፉት ነው። ሳሙና የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው።

ሐሙስ ንጋት ላይ ጉም በሩ ላይ ደረሰች። ዘበኛው ሰማዩን አየ፤ እንደ መስተዋት ጠርቷል። በጋ ነው።

"ልጄ፣ ዛሬ እኮ ጉም የለም" አላት።

"እጠብቀዋለሁ፣ ጋሼ።"

ሽማግሌው ለአፍታ አያት። ከዚያ ዱላውን አንስቶ ተከትሏት ወጣ።

ዛፉ ፊት ለፊት ባለ ሦስት እግሩን ተከለች፣ ካሜራዋን አሰረች፣ ዓይኗን ካሜራው ላይ ለጠፈች። ባለ መጋዞቹ ላብ በላብ ሆነው ሲደርሱ ዘበኛው ዱላውን አግድም ይዞ ጠበቃቸው። ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ጎልማሳ፣ ቅንድቡን ለሁለት የሰነጠቀ ጠባሳ ያለበት፣ ሌላው ወፍራም ሳቂታ።

"ፎቶ አንሺ ሥራ ላይ ናት" አላቸው።

"ምን እያነሳች?" አለ ሳቂታው።

"ጉም።"

ሳቂታው ዙሪያውን ቃኘ። "የታለ ጉሙ፣ አባባ?"

"እሱን እኮ ነው የምትጠብቀው።"

ሁለቱ ተያዩ። ወፍራሙ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ጎልማሳው ግን ሰሌዳውን በሩ ላይ አንብቦት ነበርና፣ ደንብ ከሆነ ደንብ ነው፣ በቀን የሚከፈለን ቆመንም ነው ተቀምጠንም ነው ብሎ መጋዙን ሣሩ ላይ አጋደመና ጋደም አለ።

ፀሐይዋ ወጣች። የጉም አንገት መንደድ ጀመረ፣ እንባዋ ካሜራው ላይ ይወርድ ነበር፤ የድካም ይሁን የእልህ እሷም አላወቀችም። ዛፉን ጉም በሌለበት እንዲህ አይታው አታውቅም። ለካ ከሰሉ ውስጥ ሰማያዊ አለ። ለካ ስንጥቁ ውስጥ አንዲት ጭራዋን የምትነቀንቅ ወፍ ትመላለሳለች። ይህን ሁሉ ዘመን ጉም ስጠብቅ ይሄ ሁሉ ከጀርባው ነበር እንዴ ብላ ተገረመች፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ የገባችበት ነገር ቀስ እያለ ፍቅር ሆነባት።

ረፋዱ ላይ አንድ ሰው እያለከለከ ዳገቱን ወጣ። ሳሙና ነበር፤ በተወለወለ ጫማ፣ ዳቦና ውሃ በፌስታል አንጠልጥሎ። በሥራ ቀን ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዛፉን አየና ሳያስበው ወደ እሱ አመራ። የዘበኛው ዱላ ደረቱ ላይ አረፈ።

"ወንድሟ ነኝ እኮ፣ ጋሼ።"

"እናቷ ብትሆንም አታልፍም። በጀርባዋ በኩል ዙር።"

ዞረ። ከእህቱ ጀርባ ቆሞ፣ "አንገትሽ ሊሰበር ነው፤ እኔ ልያዝልሽ" አላት። ዓይን ከካሜራው እንዳይለይ ተጠነቀቁ፤ እሷ ጭንቅላቷን ስትስብ እሱ የራሱን አስጠጋ፣ እንደ ዱላ ቅብብል። ሳሙና አየ። ጣቱ ከልማድ የተነሳ አየሩ ላይ ተንቀሳቀሰች፤ ከዚያ ቆመች።

"ይሄን ነው ያጠፋሁት?"

"እሱን ነው።"

"ኮምፒውተሩ ላይ እኮ... ትንሽ ነበር።"

ጉም ዳቦውን ቆርሳ፣ ግማሹን ለባለ መጋዞቹ ሰጠች። እነሱም ከበሉ በኋላ መፍዘዝ አሰልቺ ሆነባቸውና፣ እዚህ ድረስ መጥተን ፎቶ ሳንነሳ አንሄድም አሉ። መጋዙን ከፍሬሙ ውጭ ትታችሁ ግቡ ተባሉ። ትተውት ገቡ፤ ዛፉን ተደግፈው፣ ከፊት ለፊታቸው አንዳች ትልቅ ነገር የሚመጣ ይመስል ቀጥ ብለው ቆሙ። ወፍራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቁን ተወ። ሳሙና ቁልፉን ሲጫን ጎልማሳው ቅንድቡን በጣቱ እያሳየ፦

"ሳሙና የሚሉህ አንተ አይደለህ? ይቺን እንዳታጥብብኝ። ልጆቼ የሚያውቁኝ በሷ ነው።"

ሳሙና ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ ራሱን ነቀነቀ።

ኃላፊው የደረሰው እነሱ ከዛፉ ሳይለቁ ነው። ዛፍ ሊቆርጡ የላካቸው ሰዎች ዛፉን አቅፈው ቆመዋል። መጀመሪያ ዘበኛውን ተቆጣ፤ ዘበኛው፣ "ደንቡን በስብሰባ ያጸደቁት እርስዎ ነዎት፣ እኔ ጠባቂ ነኝ" አለው። ከዚያ ወደ ጉም ዞረ። ጉም ተራዋን ተቀብላ ዓይኗን መልሳ ለጥፋ ነበር።

"መቼ ነው የምትጨርሺው?"

"ጉሙ ሲመጣ።"

"በበጋ ጉም የለም።"

"አውቃለሁ።"

ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። የንጋት ፈቃዱን የሰጣት እሱ መሆኑን፣ ሊያነሳውም እንደሚችል፣ ከነገ ጀምሮ እንደማንኛውም ጎብኚ በሩ ሲከፈት፣ ጉሙ ሁሉ በኖ ካለቀ በኋላ እንደምትገባ ነገራት። ሳሙና እጁን እህቱ ትከሻ ላይ አደረገ። ያ ፈቃድ ለእሷ ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ጉም ከካሜራው ሳትነሳ ጠየቀች።

"ከነገ ጀምሮ ነው ያሉት?"

"ከነገ ጀምሮ።"

"እንግዲያው ዛሬ አልወጣም።"

ወፍራሙ ባለ መጋዝ ሳቁ አመለጠው። ጎልማሳው ኮቱን አንጥፎ የዛፉ ግርጌ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ሳሙና ወደ ጎን ሄደ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን የከሰለው ግንድ ላይ አሳረፈ፤ ሲያነሳው መዳፉ ጠቁሯል። መሀረብ ኪሱ ውስጥ ነበረው። አላወጣውም።

ኃላፊው ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ።

"ይቅርታ፣ ጌታዬ" አለች ጉም፣ ዓይኗን ሳታነሳ። "ጫማዎ ፍሬሜ ውስጥ ገብቷል።"

ሰውየው ቁልቁል ጫማውን አየ። ሽማግሌው ዱላውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ነፋስ የለም፣ ደመና የለም፣ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው፤ ከዛፉ ስንጥቅ ውስጥ ያቺ ወፍ ጭራዋን ትነቀንቃለች።

ኃላፊው እግሩን ወደ ኋላ ሰበሰበ።