ሙስተቅበል የሚባል አገር

«ምን አለው?»

«ጫማህን በር ላይ አውልቅ አለው።»

«አሁንስ?»

«ወለሉ ተወልውሏል አለው። ዝም ብለሽ እይ እንጂ አንቺ ልጅ፣ አፌን አደረቅሽው።»

እንዲህ የምትለኝ ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ናት። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሮቦት ደረቱ ላይ ካለ መሳቢያ የሚያብረቀርቅ ነገር እያወጣ ለአንድ ቀጫጫ ልጅ ያሳየዋል፤ ልጁ አፉን ከፍቶ ያያል። ካርቱኑ የጃፓን ነው፤ እኛ ቤት የሚደርሰው ግን በአረብኛ ነበር። ስለ ጫማም ስለ ወለልም እያወሩ እንዳልነበር አሁን አውቃለሁ።

*

ልጅ ሳለሁ ካዛንቺስ፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ፣ ግድግዳ ከሚጋሩ የቀበሌ ቤቶች በአንዱ ነበር የምንኖረው፤ እኔና እማዬ ብቻ። እማዬ ራቅ ካለው ቢሮዋ ወጥታ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ ሰልፉ ሲሰለቻት ደግሞ በእግሯ መጥታ ቤት የምትደርሰው ከመሸ ነው። የቤታችን ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ ግን ባዶ ቤት ከፍቶ መግባት ስለማልወድ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ በራችንን አልፌ እትዬ አስቴር ደጃፍ ላይ እቆማለሁ። አላንኳኳም። እስላለሁ።

«ግቢ፣ ጀምሯል» ትለኛለች ከውስጥ።

ቤይሩት ሰው ቤት ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። ቆርቆሮው ላይ ዲሽ ነበራት፤ ሪሞቷ በፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ የታሰረ ነበር። የፀጉር ማድረቂያ፣ ነጭ ሽንኩርት የሚጨምቅ ብረት፣ ጫን ሲሉት ዘይት የሚረጭ ጠርሙስ ነበራት። ያኔ በግቢያችን እንዲህ ያለ ዕቃ ያላት እሷ ብቻ ስለነበረች፣ ከሻንጣዋ አንዱን ባወጣች ቁጥር ከሮቦቱ ለይቼ ማየት ያቅተኝ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን እማዬ እንዳስተማረችኝ «እርስዎ» እላት ነበር።

«አንቺ በይኝ» አለችኝ አንድ ቀን። «እርስዎ ስትይኝ ማዳም የሆንኩ ይመስለኛል።»

*

አረብኛዋ የኩሽና አረብኛ ነበር። የነገረችኝም ራሷ ናት፤ «እነሱ የሚያወሩት የመጽሐፍ ነው፣ የኔ የቤት ነው» ትል ነበር። ስለዚህ የገባትን ትነግረኛለች፣ ያልገባትን ከቤይሩት ታመጣለች። ሮቦቱ ዝናብ የሚያስቆም ፊሽካ አውጥቶ እጁን እያወናጨፈ ሲያስረዳ «ልብሱን ከገመድ ላይ አንሳ አለው» ትለኛለች። ልጁ እያለቀሰ ሲሮጥ «ብርጭቆ ሰብሮ ነው» ትለኛለች። አንዴ ሮቦቱ ማስታወቂያ እስኪገባ ድረስ ሲያወራ ቆየ።

«ምን አለው?»

«እሺ አለው።»

«ይህን ሁሉ አውርቶ እሺ ብቻ?»

«በቃ፣ አረብኛ ረጅም ነው።»

ሌሎች የክፍሌ ልጆችም በየቤታቸው ያዩት ነበር፤ አረብኛው ሳይገባቸው፣ ሥዕሉን ብቻ። የነሱ ሮቦት ይጫወታል። የኔ ሮቦት ሥራ ይበዛበታል። ስነግራቸው «ከየት አምጥተሽ ነው?» ብለው ይስቁብኛል፣ እኔም መንገሬን ተውኩ።

አንድ ቃል ብቻ አልተረጎመችውም። ሮቦቱ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ የሚመልሰው ነው። ሙስተቅበል።

«ሙስተቅበል ምንድን ነው?»

ትንሽ አሰበች። ማዳሟ ኩሽና ገብታ እንዲህ ያለ ቃል ተናግራ አታውቅም መሰለኝ።

«አገሩ ነው» አለችኝ። «ሙስተቅበል የሚባል አገር።»

«ከቤይሩት ይርቃል?»

«ሳይርቅ ይቀራል?»

በማግስቱ ክፍላችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዓለም ካርታ ሥር ቆሜ ቤይሩትን አገኘሁና ጣቴን ከዚያ አርቄ አርቄ ወሰድኩት፣ እስከ ባሕሩ። መምህራችን ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «በይ ቁጭ በይ» አሉኝ።

*

መብራት ብዙ ጊዜ ይጠፋ ነበር፤ የሚጠፋውም ሮቦቱ መሳቢያውን ሊከፍት ሲል ነው። ያኔ እትዬ አስቴር በዳበሳ ሻማ ታበራና ሻይ ማንቆርቆሪያው ከተጣደበት ከሰል አጠገብ በርጩማዋን ሳብ አድርጋ ትቀጥላለች። ካርቱኑን መተርጎሟ አይደለም፤ ካርቱኑ ጠፍቷል። የሻማው ጭስ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ፣ የከሰሉ ፍም ፊቷን ከታች እያቀላው፣ ካርቱኑን ስትተረጉም የሌላት ድምፅ እያወጣች የምትነግረኝ ሌላ ነበር፦ ሮቦቱ ሙስተቅበል ውስጥ ፎቅ ላይ እንደሚኖር፣ የሚተኛው በረንዳው ላይ በተሰጣ ልብስ መሀል እንደሆነ፣ የቤቱ ሰዎች ሲወጡ በሩን ከውጭ ቆልፈውበት እንደሚሄዱ፣ የሚያወራው ሲያጣ ከፍሪጁ ጋር እንደሚያወራ፣ ፍሪጁም አንዳንዴ ድምፅ እያሰማ እንደሚመልስለት።

«አይደክመውም?»

«አይደክመውም ይላሉ።»

«እናት አለው?»

ከሰሉን ነካ ነካ አደረገችው።

«አለችው። በስልክ።»

መብራት ሲመጣ ሁለታችንም ዓይናችንን እናሻለን። ሮቦቱም ወደ ጨዋታው ይመለሳል።

*

«አስቴር ልትሄድ ነው አሉ» አለችኝ እማዬ አንድ ምሽት፣ እራት እየበላን። «ቪዛዋ መጥቷል።»

«ወዴት?»

«ወደዚያው ነዋ።»

ወደዚያው። እሷ ከሄደች ከትምህርት ቤት መልስ የምስልበት በር እንደሌለኝ አሰብኩ። የቤታችንን ቁልፍ ልብሴ ላይ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር።

በማግስቱ ስገባ ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቶ ነበር። ካርቱኑን ከፈተችልኝ። ሮቦቱ ዕቃዎቹን፣ ፊሽካውን ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ወደ መሳቢያው ይመልሳል። ልጁ ከኋላው ቆሟል። መብራት ጠፋ።

ሻማውን አበራች፣ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፣ ግን አልቀጠለችም።

«ሊሄድ ነው?» አልኩ።

«እንጃ።»

«ከሄደ ይመለሳል?»

«መብራት ሲመጣ እናየዋለን።»

«አንቺ ንገሪኝ። ሌላ ጊዜ ትነግሪኝ የለ።»

ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት ሲስል፣ ከዋናው መንገድ ታክሲ ሲጣራ ይሰማል፤ ሻማው ወደ አንድ ጎን እየቀለጠ ነው። መብራቱ የመጣው ካርቱኑ ሊያልቅ ሲል ነው። ሮቦቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ወደ ልጁ ዞሮ አንዲት አጭር ነገር ተናገረ። በጣም አጭር። ከዚያ ጽሑፍና ዘፈን።

«ምን አለው?»

«አልሰማሁትም» አለችኝ እትዬ አስቴር፣ ፊቷን ወደ ሻንጣው መልሳ።

*

አሁን ኡራኤል ፊት ለፊት ፎቅ ላይ የአውሮፕላን ትኬት እቆርጣለሁ። በቀደም አዲስ አበባ የከረመ ሱዳናዊ ደንበኛ ለልጁ የአንድ ጉዞ ትኬት ሊገዛ መጣ። ለምን መመለሻ እንደማይገዛላት ስጠይቀው በተሰባበረ አማርኛ ስለ ትምህርቷ አስረዳኝ፤ ቃል ሲያጥረው በአረብኛ አስገባበት። ሙስተቅበል አለ።

«እሱ አገር የት ነው?» አልኩት። ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ነበር፤ ከተማውን ልጽፍ።

ሳቀ። «አገር አይደለም እህቴ። ነገ። ከነገ ወዲያ። ገና የሚመጣ።»

ትኬቱን ጨረስኩለት። ሊወጣ ሲል ጠርቼ፣ ያቺን የሮቦቱን አጭር ነገር በማስታውሳት ድምፅ ልልለት ሞከርኩ፤ መጀመሪያዋ ጉሮሮ ውስጥ ነው፣ መጨረሻዋ ላይ ከንፈር ይገጥማል። ራሱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝ። እንደገና አስባለኝ።

«ይሄ አረብኛ አይደለም» አለኝ በትሕትና።

ቤታችን የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ መንገድ ነው፤ ዳር ዳሩን አምፖል የተተከለለት። አምፖሉ አይጠፋም። ካርቱኑም አላለቀም፤ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ቢሮ ስትመጣ በእናቷ ስልክ ታያለች፣ ቀጫጫው ልጅ አሁንም አላደገም። አጠገቧ ስቀመጥ ምን እንደሚሉ አትጠይቀኝም። በእንግሊዝኛ ነው፣ ይገባታል። በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ሪሞት አለ። ላስቲኩ ደርቆ ተበጥሷል።

*

እትዬ አስቴር የሄደችው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ላዳው ከቅያሱ ስለማይገባ ሻንጣውን ጎረቤቶች እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሸከሙላት፤ እኔ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ። ነጭ ጫማ አድርጋለች። ከዚያ በፊት አድርጋው አላየሁም።

«እህት፣ ቶሎ በይ፣ ኡራኤል ጋ ተዘጋግቷል» አለ ሾፌሩ።

ኋላ ወንበር ላይ ገብታ ሻንጣዋን ጉልበቷ ላይ አቀፈችው። ከዚያ የእጅ ቦርሳዋን ከፍታ ሪሞቱን፣ ከነፌስታሉ፣ ሰጠችኝ።

«ይህን ያዢልኝ።»

ያዝኩት። ትመለሺያለሽ ወይ ልላት ነበር። እሷ የበሩን እጀታ ይዛ ትንሽ አየችኝ፣ አየችኝና በአረብኛ አንዲት አጭር ነገር ተናገረች። አወቅኳት። ራሷ ናት፤ የሮቦቱ።

«ምን አለው?» አልኳት።

በሩን ሳበችው። አልገጠመም፤ ላዳ ነው። እንደገና ከፈተችው፣ አየችኝ፣ ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው።