ወፍ ጠባቂ

በእኛ በቀወት ወፍ ጠባቂ ማለት ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ወፍን ከማሽላ የሚያባርር ሰው ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያ ወፍ ሲጠብቅ ኖረ። እግሩ ሲደክም ሸዋ ሮቢት እኔ ቤት ገባና ጭራሽ ለወፎች ማሽላ ማስቀመጥ ጀመረ። ጆንያ አይጥ ይበሳዋል ብሎ ጀሪካን ውስጥ ይጨምረዋል፤ ነቀዝ እንዳይበላው ደረቅ አመድ ይቀላቅልበትና ክዳኑን ያጠብቃል። ጠዋት ጠዋት አመዱን አንፍሶ ግቢው ውስጥ ይበትንላቸዋል።

ነገሩ ያናድደኝ ነበር። «ስታባርራቸው ኖረህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ወፍ መጠበቅ የጀመርኩት ገና አሁን ነው» አለኝ።

በተቀበረ ማግስት ጀሪካኑን ከፈትኩት። አንድ ነቀዝ የለበትም። እንደ እሱ አንፍሼ በተንኩት፤ አንዲትም አልወረደች። ወፎቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት ግን እኔን አይደለም።