ከልስኑ ሥር

እህቴ ቤት ልትገዛ ስትነሳ አብሬያት እንድሄድ የጠየቀኝ የለም፤ ራሴን የሾምኩት እኔው ነኝ። የገዛ ቤቴን የበር መቃን ምስጥ ጨርሶት በሩ አንድ ጠዋት ከነቁልፉ ደረቴ ላይ ወድቆ ነበርና፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በምስጥ ጉዳይ ከእኔ በላይ የተማረ የለም ብዬ አውጄአለሁ። ማዶ ጀውሃ ከተማ ያለ ምስጥ ሲያላምጥ እዚህ ተኝቼ እሰማለሁ እላለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይስቃሉ። ችግሩም ይኸው ነው፤ የሚያውቁኝ ሰዎች ምንም ብናገር ይስቃሉ።

እህቴ ግን በእኔ መሳቅ ከተወች ቆይታለች። ዓረብ አገር የሰው ቤት ስታጸዳ ያለቀው ወጣትነቷ ተጠራቅሞ የሚገባው ዛሬ በምናየው ቤት ውስጥ ነበር። ባጠራቀመችው ብር የሚገዛ ሌላ ቤት አልተገኘም፤ ይህም የማይረባ ሆኖ ቢገኝ ያላት ምርጫ ተመልሶ መሄድ ብቻ ነው። ይህን ሁለታችንም ስለምናውቀው ባጃጅ ውስጥ ሆነን አላነሳነውም። "እባክህ ዛሬ እንኳ አትቀልድ" አለችኝ።

"እኔ ደግሞ መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?"

የባጃጁ ሹፌር ሳይቀር ሳቀ።

ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ቋሚው ባሕር ዛፍ ነው፤ ከላዩ ግን በሲሚንቶ ተለስኖ እስከ ወገቡ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ተቀብቷል። ሙሽራ ይመስላል። እኔ ደግሞ የጭቃ ቤት እንደዚያ ሲያምር ደስ አይለኝም። ባለቤቱ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ነጭ ኮፍያ ያጠለቁ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው እግራቸውን ታመው አልጋ ላይ ስለዋሉ ቤቱን ሸጠው ልጃቸው ዘንድ ሊጠጉ ነው። ደላላው ቀድሞን ደርሶ ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብሏል።

"አህለን! ግቡ፣ ግቡ" አሉን። ከጓሯቸው ፓፓያ ቆርጠው ራሳቸው ልጠው አቀረቡልን። እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ ነገሩ የተበላሸብኝ። በእኛ አገር በሬ ሲገዛ አፉ ተከፍቶ ጥርሱ ይታያል፣ መኪና ሲገዛ ሆዱ ሥር ይገባል፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ሲገዛ ግን ሻጩ ፊት ግድግዳ መነካካት ሰውየውን ውሸታም እንደማለት ነው። ጣራውን ቀና ብሎ አይቶ "ማሻአላህ" ማለት ነው ወጉ። ፓፓያቸውን ከበሉ በኋላማ ጭራሽ አይሞከርም። እኔ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ የበላሁ ነኝ። ግድግዳ ልፈትሽበት የያዝኩት ካቻቢቴ ኪሴ ውስጥ ጭኔን እየወጋኝ ነው።

ሲያወሩ ጠብቄ ግድግዳውን ተደግፌ እንደቆመ ሰው ሆንኩና ከኋላዬ በጣቴ አንጓ አንኳኳሁ። በር አጠገብ ድምፁ ደህና ነው። ወደ ማዕዘኑ ጠጋ ስል ባዶ ጀሪካን የመታሁ መሰለኝ። ትንሽ ዝቅ ብዬ ደገምኩት። ያው ነው። ከልስኑ ሥር እንጨት የለም።

እህቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ "ውስጡን በልቶታል" አልኳት።

"ተው ብዬሃለሁ" አለች፤ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ።

"ወላሂ እውነቴን ነው።"

ደላላው ሰማን። "ጋሼ፣ የሱን ወሬ እንዳይሰሙት። ባለፈው ‹ከማሳዬ ያወጣሁት አንድ ራስ ሽንኩርት በጋሪ አልጫን አለ› ያለ ሰው ነው።"

ሽማግሌው ሳቁ። እህቴ አንገቷን ደፋች፤ እጇ ቦርሳዋ ላይ ነበር፣ ልትስማማ መሆኑ ገባኝ። በቀስታ እጇን ይዤ ወደ ውጭ ላወጣት፣ ሽማግሌውንም ለብቻቸው "ጋሼ፣ ይህችን ጥግ አብረን እንያት" ልላቸው እችል ነበር። ግን ተሳቀብኝ። ሲሳቅብኝ ደግሞ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የበለጠ ማሳቅ።

"ጋሼ" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "እርስዎ እኮ የቤቱ ባለቤት አይደሉም፣ ተከራይ ነዎት! ባለቤቶቹ ውስጥ ምሳ እየበሉ ነው። ላስተዋውቅዎ!"

ካቻቢቴውን አውጥቼ እንደ ሰርከስ ሰው አየር ላይ አዞርኩትና ማዕዘኑ ላይ ሰካሁት። እስከ እጀታው ገባ። ስስበው ትሪ የሚያህል ልስን ከነቀለሙ ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ቋሚው መኖር በነበረበት ቦታ አፈርና እንጨት የተቀላቀለበት ዱቄት ከተቀደደ ጆንያ እንደሚወርድ ወረደ። ነጫጮቹ ምስጦች ብርሃኑን ሸሽተው ተርመሰመሱ። ደላላው ከድንጋጤው የተነሳ ሳቀ። እኔ፣ ይቅር ይበለኝ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሳሁ።

ቀና ስል ሽማግሌው ቁጢጥ ብለዋል። የልስኑን ስብርባሪ በመዳፋቸው ይሰበስባሉ። አንዱን አንስተው ቀዳዳው ላይ ለጠፉት፤ ወደቀ። እንደገና አንስተው ለጠፉት።

ደላላው ስልኩን እያየ ወጣ። እኔ የምገባበት አጣሁ። ልክ ነበርኩ፤ ልክ ሆኜ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

"ልጄ፣ አላወቅሁም ነበር" አሉ ለእህቴ እንጂ ለእኔ አይደለም። "ለዒድ ልጆቼ ሰው አምጥተው አስለሰኑት። እኔ ቀለሙን አይቼ ተደሰትኩ።"

"እናውቃለን ጋሼ። እባክዎ ይነሱ" አለች እህቴ፣ አጠገባቸው ተንበርክካ ስብርባሪውን ከእጃቸው እየተቀበለች።

"ለአንቺ አልሸጠውም። ሐራም ነው።" ተነሡና አሁን ገና ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ፣ ና። የመኝታ ቤቱን ንካልኝ።"

ስንገባ ሚስታቸው ጣራውን ከያዘው ምሰሶ ሥር ተኝተዋል። "እነማን ናቸው?" አሉ።

"እንግዶች ናቸው። ግድግዳ ሊያዩ ነው።"

ምሰሶውን በጣቴ አንኳኳሁ። ከላይ ደህና ነው። ወደ ወለሉ ስወርድ ያንኑ ጀሪካን መታሁ። ካቻቢቴውን ማውጣት አላስፈለገኝም፤ በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ገባ። ሽማግሌው ፊቴን እያዩ ነው።

"እንዴት ነው?"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገር ማሳነስ ፈለግሁ። "ትንሽ… ጥግ ጥጉን ነካ ነካ አድርጎታል መሰለኝ።"

"ልጄ፣ ቅድም ስትቀልድ እውነቱን ተናገርክ። አሁን ሳትቀልድ አትዋሸኝ። እሷ እዚህ ሥር ትደር?"

"እሳቸው አይደሩ ጋሼ" አልኩ። "እርስዎም አይደሩ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚስታቸውን ከእህቴ ጋር ደግፈው ወደ ግቢው አወጧቸውና ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። አልጋውን እኔና እሳቸው ያዝን። የአልጋው እግር በሩ ላይ ተያዘ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚያ በር ላይ ሦስት ቀን የሚወራ ነገር አወጣ ነበር። ዝም ብዬ አጋድሜ አሳለፍኩት። ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር አኖርነው። እህቴ ፍራሹን ዘረጋች፣ አንሶላውን እንደለመደችው ጥግ ጥጉን አጠፈችና እስክትጨርስ ቀና አላለችም። ማንንም ሳታይ እንደዚያ ስታነጥፍ ስንት ዓመት እንደኖረች ያኔ ነው የገባኝ፤ ወደዚያው ልትመለስ መሆኑም።

በአጥሩ በኩል ጎረቤት ሴትዮ ብቅ አሉ። "ምነው፣ አልጋው ወጣ? ቅድምስ የምን ሳቅ ነበር?"

"ሙቀቱ ነው" አሉ ሽማግሌው።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። ያውቁኛል። አንድ ነገር ጣል እስካደርግ ፊታቸው ለሳቅ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

"ሙቀቱ ነው" አልኩ።