የፓይክ ጥርስና የወንድሜ እጅ

ወንድም ጋሼ ሰዓት ሠሪ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል፤ አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። በሰባዎቹ መጨረሻ ተከታትለን አሜሪካ ስንገባ፣ እኔ ስካይላይን ከሚባሉት ሕንፃዎች በአንዱ ክፍል ተከራየሁ፤ እሱ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አንዲት ጠባብ የሰዓት መሸጫ ውስጥ ሥራ አገኘ። ያኔ ባለዲግሪው ሁሉ ታክሲ ሲነዳና ሳህን ሲያጥብ ስለምናይ፣ እሱ አገር ቤት የያዘውን ሙያ ይዞ መቀጠሉ ያስቀናን ነበር። ቀኑን ሙሉ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽር ሰክቶ፣ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ብሎኖች በወረንጦ ሲያነሳ ይውላል።

ዓሣ ማጥመድ ያስተማረው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ደንበኛው ነው። ወንድሜ ደግሞ እኔን አስተማረኝ። ከእኔ ጋር ስለ ሌላ ነገር ብዙ አያወራም። ስለ አገር ቤት ከጠየቅኩት አጉሊ መነጽሩን መጥረግ ይጀምራል። ሐይቅ ዳር ሲቆም ግን አፉ ይፈታል።

«ዎልአይ የሚባለው ዓሣ ዓይኑ እንደ ብርጭቆ ነው፣ ብርሃን አይወድም» ይለኛል። «ወደ ዳር የሚወጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። መንጠቆህን ከድንጋዩ አጠገብ እስከ ታች ልቀቀው፤ ከዚያ ቀስ እያልክ ሳብ። ሲነካው ቅጠል የነካው ነው የሚመስልህ። አትቸኩል።»

ፓይክ ስለሚባለው ጥርሳም ዓሣ ሲያወራ ድምፁም ይለወጣል። «ይሄ ሽፍታ ነው። ሣር ውስጥ አድፍጦ ይጠብቃል። ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ በመጋቢት፣ ጥልቀት ወደሌለው ዳር ይመጣል። ክር ብቻ ካሰርክ በጥርሱ ይበጥሰዋል፤ ከመንጠቆው በላይ ሽቦ አድርግ። ደግሞ እጅህን አፉ ውስጥ እንዳትከት። ፒንሳ ካልያዝክ ፓይክ አታጥምድ።»

ፒንሳውን የመያዝ ኃላፊነት የእኔ ነበር።

ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ወንድሜ በጾም ዓሣ ይበላል፤ የዓሣ ዱለቱን የሚሠራው ራሱ ነው። ያን ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሰሜን ነድተን ሐይቁ ዳር ደረስን። ቦርሳዬን ስከፍት ፒንሳው የለም። በሳምንቱ ውስጥ የመኪናዬን ባትሪ ላጠብቅበት አውጥቼው ቤት ረስቼዋለሁ። ብናገር እንመለሳለን። ደግሞ እስካሁን አንድም ፓይክ ይዘን አናውቅም፤ ዛሬ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል? ምንም ሳልነግረው ቦርሳውን ዘጋሁ።

አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየን የወንድሜ ዘንግ ተለመጠ። ረዥም፣ አረንጓዴ፣ አፉ እንደ ዳክዬ አፍ ጠፍጣፋ የሆነ ዓሣ እየተወራጨ ወጣ። መሬት ላይ አጋድሞ ለካው። ሕጉ ከሚፈቅደው ያጥራል።

«ይለቀቃል» አለ። «ፒንሳውን አቀብለኝ።»

«የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ቤት ቀርቷል። ክሩን እንቁረጠውና ይሂድ።»

«መንጠቆ ውጦ የት ይሄዳል? ይሞታል እኮ» አለና በግራ እጁ ከመተንፈሻ ስንጥቡ ኋላ ጨምቆ ይዞ፣ ቀኝ እጁን ወደ ዓሣው አፍ አስገባ። መንጠቆው ሦስት ጫፍ ያለው ነበር። ዓሣው ሲፈራገጥ አንዱ ጫፍ ከዓሣው መንጋጋ ሳይላቀቅ፣ ሌላው የወንድሜ አውራ ጣት ሥር ጠልቆ ገባ። አንድ ላይ ተሰፉ። ዓሣው በተወራጨ ቁጥር እጁ አብሮ ይጎተታል። ወንድሜ አልጮኸም፤ «ምታው፣ ምታው» ብቻ ነው ያለኝ። በድንጋይ አናቱን ሦስቴ መታሁት። መንጠቆውን ስናወጣው ሥጋውን ይዞ ወጣ።

«ኢመርጀንሲ እንሂድ» አልኩት።

«ለመንጠቆ? ተወኝ እባክህ።»

ሻርቡን ጠምጥሞበት ተመለስን። ሰኞ ሥራ ገባ። አለቃው እጁን እንዳያይበት ፋሻውን በሸሚዙ እጅጌ ሸፍኖ፣ ሕመሙን ውጦ ሁለት ቀን ሠራ። ረቡዕ ማለዳ ኮል አደረገልኝ፤ «መጥተህ ውሰደኝ» ብቻ አለ። ስደርስ እጁ እስከ ክርኑ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ሆስፒታል ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ ካየ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። «አራት ቀን ሙሉ ምን ስትሠሩ ነበር?» አለኝ።

ሁለት ጊዜ ቀደዱት። እጁ ተረፈ፤ ጅማቱ ግን አልዳነም። አውራ ጣቱ አልታጠፍ አለ፤ ሌባ ጣቱም የያዘውን አያውቅም። ወረንጦ ቢያስጨብጡት ይወድቅበታል። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሰዓት ማሰሪያ እየሸጠ ጥቂት ወራት እንዲቆይ አደረገው። በኋላ ግን ለዚያ የሚሆን ሥራ የለኝም ብሎ በትሕትና አሰናበተው። ወንድሜ አጠገባችን ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት መስጠት ጀመረ።

ስለ ፒንሳው አንድም ቀን አላነሳብኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቀን ከሥራ ላመጣው ሄጄ፣ መኪና ውስጥ ሳለን ተነፈስኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ያን ቀን ገና ስንደርስ ነው ፒንሳው እንደሌለ ያወቅኩት። ደብቄህ ነው።»

መንገድ መንገዱን እያየ፣ «አውቃለሁ» አለ። «ቦርሳውን ስትከፍት ፊትህ ሲለወጥ አይቼሃለሁ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ነው አቀብለኝ ያልኩህ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እኔም መመለስ አልፈለግሁማ።»

ቀለለኝ ብል ውሸት ነው። እስከዚያ ቀን ጥፋቱን ብቻዬን ስሸከም ኖሬ ነበር፤ ለሁለት ተከፍሎም ክብደቱ ያው ሆነብኝ።

ከዚያ በኋላ አብረን ሐይቅ አልሄድንም። እሱ አልፎ አልፎ ብቻውን እየሄደ በግራ እጁ ዎልአይ ያጠምዳል ሲሉ ሰማሁ። የሚይዘውንም ለጎረቤት ይሰጣል አሉ፤ ለእኔ አምጥቶልኝ አያውቅም። በኋላ እኔ ያለሁበት ሕንፃ ውስጥ፣ ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ቤት ተከራየ። እሑድ ጧት ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት ወርጄ የአንገት ቁልፉን እቆልፍለታለሁ፤ ከራቫቱንም አስርለታለሁ። አገጩን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ ግድግዳውን እያየ፣ እስክጨርስ ይቆማል።